«ይተዉት» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ዋሸሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ ብዬ የተለመደውን እዘረዝርና ይቺን አንዷን ምላሴ ስር ይዣት እመለሳለሁ። ምን ብዬ ልናገር? አባቴ፣ አንዲት እናት ጥርሳቸውን እንዳይፍቁ መከርኩ ልበል? ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን የምፈራው ባይስቁስ ብዬ ነው።

መምህር ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ጅጅጋ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሄድኩ። የማስተምረው ባዮሎጂ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ኤዶ ኸድራ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነበረች። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራቸው እኔም ኤዶ አልኳቸው። ሂቦ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እኔው ክፍል ትማር ነበር። እናትም ልጅም እኔን «መዓሊን» ይሉኝ ነበር፣ አስተማሪ ለማለት። በዚያ ቤት መዓሊን ያለው አይጠየቅም። የራዲዮ ዜና እንኳን እኔ «አዎ» ካላልኩበት አይታመንም ነበር።

ኤዶ ኸድራ የታወቁት በአፋቸው ነው። ጅጅጋ ውስጥ ሰርግ ሲሆን ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ የሚገጥሙት ቡራንቡር የሚባል ግጥም አለ፤ እሱን ኤዶ ካልከፈቱት ሰርጉ ሰርግ አልሆነም ይባል ነበር። ከአውበሬም ከሀርሺንም መኪና ተልኮ ይወሰዱ ነበር። ለሂቦ ሰርግ ደግሞ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ በልባቸው ሲያሳድጉት የኖሩት ግጥም ነበራቸው። ለማንም ብለውት አያውቁም፤ ለራሷ ለሂቦም ቢሆን። ማንበብና መጻፍ ስለማያውቁ የትም አልሰፈረም። አንድ ቀን በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «ግጥም ከልብ ትመጣለች፤ ግን በጥርስ ነው የምትወጣው» አሉኝ። እኔም «ትመጣለች አይባልም ኤዶ፣ ይመጣል ነው» ብዬ አረምኳቸው። ወንዴና ሴቴውን ሲያደባልቁ ማረም እወድ ነበር። እሳቸውም ይስቁና እንደገና ያደባልቁታል። ሲስቁ ያ ጥርስ ይታያል፤ በዕድሜያቸው አንድም ያልጎደለ፣ ነጭ ጥርስ።

ያን ጥርስ የሚፍቁት ዓዳይ በሚሉት መፋቂያ ነበር። ከሱብሂ ሶላት በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከክፍሌ ግድግዳ ውጭ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ከዚያ እንትፍ። ከዚያ ደግሞ ፋቅ፣ ፋቅ። እሳቸው ሲጨርሱ ሂቦ ትቀጥላለች። እኔ ደግሞ ጅጅጋ በገባሁ በዓመቱ ጫት ጀምሬ ነበር፤ ከባልደረቦቼ ጋር ስቅም አመሽና እንቅልፍ የሚመጣልኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። ልክ ሸለብ ሲያደርገኝ ፋቅ፣ ፋቅ። ግድግዳው ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ መፋቂያው የእኔን ጥርስ የሚፍቅ ይመስለኝ ነበር። ትራሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰድባቸዋለሁ። በልቤ ነው። እኒያን የመሰሉ ሴት በልቤ እሰድባቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል በር ላይ ጠበቁኝ። ጉንጫቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«መዓሊን፣ ድዴ ታመመች። ስፍቃት ደም አላት። ምን ላድርግ?»

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ድድ የሚደማው በጥርስና በድድ መካከል ቆሻሻ ሲከርም እንደሆነ፣ መፍትሔውም በለስላሳ ነገር በቀስታ ማጽዳቱን መቀጠል እንጂ ማቆም እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ቢያንስ «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» ማለት ያቅተኝ ነበር? አላቃተኝም። ግን በዚያች ደቂቃ የታየኝ የእሳቸው ድድ አልነበረም፤ ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር የታየኝ።

«ይተዉት ኤዶ» አልኳቸው። «ደሙ እስኪቆም ይተዉት።»

መዓሊን ተናገረ፣ አለቀ። መርቀውኝ ገቡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔስ ወለምታ እንኳን አልነበረም፤ መንገዱን አይቼ፣ አስቤ የረገጥኩት ነው።

በማግስቱ ግቢው ጭር አለ። ተኛሁ። ጅጅጋ ከገባሁ እንደዚያ ጠዋት ተኝቼ አላውቅም። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ግን የሂቦም ድምፅ አብሮ መጥፋቱን ልብ አልኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አብረን ስንመለስ «አንቺ ደግሞ ምነው መፋቂያሽን ጣልሽ?» ብዬ ብጠይቃት ገርሟት አየችኝ።

«አንተ አይደለህ ‹ይተዉት› ያልከው? ሆዮ ሁላችሁም ተዉ አለችን» አለችኝ። ሆዮ የምትለው እናቷን ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ትልቅ ሰው ስናከብር «ይተዉት» እንላለን፤ ስለ ብዙ ሰዎች ስንናገርም ቃሉ ያው «ይተዉት» ነው። በኤዶ ኸድራ አማርኛ ውስጥ ደግሞ ማክበሪያ የሚባል ነገር የለም፤ አንተና አንቺ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ እርስዎ ይተዉት ስል እሳቸው የሰሙት ሰዉ ሁሉ ይተወው ብዬ ነው። ልጃቸውን ከለከሉ። ለጎረቤትም ሳይነግሩ አልቀሩም። መፋቂያ በሃይማኖታቸው የተወደደ ነገር ነው፤ ለሶላት የሚቆም አፍ ንጹሕ ይሁን ይሉ ነበር። እሱን እንኳን በእኔ ቃል ትተው በውሃ ብቻ እየተጉመጠመጡ ይሰግዱ ጀመር። ታዲያ «ግጥም ትመጣለች» ሲሉ ተንደርድሬ የማርመው ሰውዬ ይህን ስህተት አረምኩ? ስቄ አለፍኩት።

ድምፁ የተመለሰው ዝናብ ጠፍቶ ከተማውን አቧራ ባለበሰው ወቅት ነው። ሊነጋ ሲል ነቃሁ። ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ኤዶ ጀመሩ ብዬ ተናደድኩና ጥቂት ታግሼ በሩን ከፈትኩ። በርሜሉ አጠገብ ማንም የለም። የእነኤዶ በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። በርሜሉ ባዶ ነበር፤ ውሃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪ ቀርቶ ሰንብቷል። ድንጋዩ ላይ ግን ትኩስ ምራቅ ነበረ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ እጄን ሰድጄ ነካሁት። ለብ ያለ ነበር።

ተመልሼ ተጋደምኩ፤ ድምፁ ቀጠለ። በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም በኋላ። ጫቱ ነው አልኩና ጫት ተውኩ፤ ድምፁ ግን አልተወኝም። አንድ ጠዋት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ከውጭ አልነበረም የሚመጣው፤ ከጭቃው ውስጥ ነበር። ኤዶን «ጠዋት ጠዋት የሚሰሙት ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ልስማ? ቤቱ ዝም ብላለች» አሉኝ። ሲናገሩ አፋቸው ጠረን ነበረው። ያ እርጥብ እንጨት እንጨት ይሸት የነበረ አፍ። ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ብዙም ሳይቆይ የእኔ ድድ መታመም ጀመረ። ስቦርሽ ይደማል፣ ዳቦ ስገምጥ ይደማል። ስለሚያመኝ ብሩሹን ሳልነካው ቀናት ያልፋሉ። ለእሳቸው ያዘዝኩትን ነገር ራሴ ላይ እየፈጸምኩ ነበር ማለት ነው። ሲብስብኝ የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ወደ ሐረር ሄድኩ። ባቢሌ ሳንደርስ ከመንገዱ ዳር አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ከድዳቸው ሊወልቁ የደረሱ ጥርሶች መሰሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኳቸው።

ሐኪሙ አፌን አይቶ «የሚደማውን ቦታ ሸሽተኸዋል፤ የታመመውም ስለሸሸኸው ነው» አለኝ። ለስላሳ ብሩሽ ያዝ፣ ወደ ድዱ ሰያፍ አድርገህ በቀስታ፣ ጠዋትና ማታ። በጥርሶችህ መካከል በቀጭን ክር አጽዳ፤ ክሩን ድዱ ላይ በኃይል አትጫነው፣ የጥርሱን ጎን አስታክከህ አውርደው። ለብ ባለ ጨው ውሃ ተጉመጥመጥ። መጀመሪያ ያማል፣ ይደማልም፤ ካላቋረጥክ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ካልቀነሰ ተመልሰህ ና። የጥርስ ክር በትንሽ ዕቃ ሰጥቶኝ ስወጣ «ብቻ እንዳትተወው» አለኝ። የመረጠውን ቃል ሰማችሁ?

ጀመርኩት። የመጀመሪያው ቀን እንባዬ መጣ። ክሩማ የባሰ ነበር፤ ጥርሴን ሳይሆን ጥፋቴን የሚፈለፍል መሰለኝ። ሰነፍ ስለሆንኩ በሌላ ጊዜ ቢሆን ነገ እያልኩ ገፋ ገፋ አደርገው ነበር። ሳላቋርጥ የቀጠልኩት ድምፁ ስለሚቀሰቅሰኝ ነው። እሱ ሲጀምር ብሩሼን አነሳለሁ፤ የእኔ ድምፅ ያኛውን ይሸፍንልኛል ብዬ። አልሸፈነውም፤ አብሮኝ ይሄድ ጀመር። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል፣ የኋላ ጥርሴ ላይ ስደርስ የእሱም ድምፅ ወፈር ይላል። ሳቆም ደግሞ ከእኔ በኋላ አንዴ ብቻ ፋቅ ብሎ ይቆማል። ያቺን አንዷን ሳልሰማ ብሩሹን አላስቀምጥም ነበር። ሰው ጥሩ ልማድ የሚይዘው በቆራጥነት ነው ይላሉ። እኔ የያዝኩት በፍርሃት ነው። ቢሆንም ልማዱ ያዘ፤ እየዋለ እያደረ ምራቄ ነጣ፣ ሕመሙ ለቀቀኝ፣ ድዴ ጠነከረ።

በዚያው ሰሞን ኤዶ ኸድራ በሬ ላይ መጡ። «መዓሊን፣ ደሟ ቆማለች። አሁን ልጀምር?» አሉኝ።

ደሙ የቆመ የመሰላቸው ስላልነኩት ነው። ሲናገሩ አየሁት፤ ድዳቸው አብጦ ጠቁሯል፣ ከፊት ጥርሳቸው ሥርም ሸሽቷል። የሐኪሙ ቃል ገና ጆሮዬ ላይ ነው። አዲሱ ብሩሼ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሁለታችንንም ያየናል። ምን አልኳቸው? «ትንሽ ይቆዩ» አልኳቸው። ለምን? እንቅልፌን ፈልጌ ነው እንዳልል እንቅልፍ ከሄደ ቆይቷል። አንደኛው ምክንያት ኩራት ነው፤ መዓሊን ተሳስቶ ነበር ከማለት ሞት ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ። እሳቸው ከጀመሩ የትኛው ድምፅ የእሳቸው፣ የትኛው የዚያኛው እንደሆነ በምን እለያለሁ ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ብዬ እኔ፣ የገዛ ጥርሴን ያዳንኩት እኔ፣ በእሳቸው ጥርስ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ፈረድኩ።

ሦስተኛ ጥፋትም አለ። በዚያ ዓመት ስለ ጥርስ የሚናገረው ትምህርት ደረሰ። ሂቦ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። መጽሐፉ ለብዙ ተማሪ አንድ ስለሆነ በእጃቸው አልነበረም፤ እኔ ካላስተማርኩት አያገኙትም። ገጹን ገለጥኩ፣ አየሁት፣ ከሚቀጥለው ጋር ደርቤ አለፍኩት።

«መዓሊን፣ ዘለልክ እኮ» አለችኝ ሂቦ እጇን አውጥታ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ የምዕራፎቹን ስም ታውቃለች።

«ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።

የኤዶ ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ያሉት የላይኞቹ ወለቁ፣ ከዚያ የታችኞቹ ተከተሉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ከመንቀል ሌላ የሚደረግ አልነበረም። «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ጥርሴን እቦርሻለሁ። እሳቸው አንድ ጥርስ ባጡ ቁጥር የእኔ ድድ የጠነከረ ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ አፍ ከሌላው እየወሰደ እንደሚኖር ዓይነት። ይህን ሳስብ ብሩሹን ጥዬ ከክፍሌ እወጣለሁ። ማታ ግን እመለስበታለሁ።

ሂቦ ትምህርቷን ጨርሳ ታጨች። በሰርጉ ቀን የሴቶቹ ድንኳን ከግድግዳዬ ወዲያ ተተከለ፤ ወንድ ስለሆንኩ አልገባሁም፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፤ ኤዶ ኸድራ ሊከፍቱት ነው። ሶማልኛዬ ያን ያህል አልነበረም፤ ነገር ግን የተሰበረ ስንኝ ለመለየት ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። ቃሉ ከፊት ድዳቸው ሲደርስ እየሾለከ ባዶ ትንፋሽ ይሆናል። አንዲት ልጅ ሳቀች። ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። ኤዶ እንደገና ከመጀመሪያው ሞከሩ፤ እንደገና ሾለከ። ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ከበሮው ጥቂት ብቻውን ተመታና ሌላ ሴት ሌላ ግጥም አነሳች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሳይሸፍኑ ከሰው ጋር አውርተው አያውቁም። ከአውበሬም ከሀርሺንም መኪና መምጣቱ ቀረ። አንድ ቀን፣ እንደ ንጹሕ ሰው፣ «ግጥሙን ለሂቦ ለብቻዋ ለምን አይነግሯትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሞታለች» አሉኝ። ግጥሙን ነው። አላረምኳቸውም።

ዝውውር ጠይቄ ከጅጅጋ ወጣሁ። ድምፁ ተከተለኝ። ከጭቃ ቤት ብሎኬት ቤት ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ጠዋት ብሩሼን ሳነሳ ያኛውም ይነሳል። እያደር ያቃጥላል እንደ እግር እሳት ይባል የለ? ሚስቴ ምንም አትሰማም። «በዚህ ዕድሜህ አንድ ጥርስ አልጎደለህም» እያለች ለእንግዳ ታሳየኛለች። እኔም ፈገግ እልና አፌን እዘጋለሁ።

ብዙ ዓመታት አለፉና ፈተና እንድፈትን ወደ ጅጅጋ ተላክሁ። ከተማው ፎቅ በፎቅ ሆኖ ግቢውን በጭንቅ አገኘሁት። ሂቦ እናቷን ልትጦር እዚያው ቀርታለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። በደስታ ተቀበለችኝ፣ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀዳችልኝ። ኤዶ ኸድራ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሻርፑ አፋቸው ላይ ነው። ስለ ድሮ ተማሪዎች ስናወራ ቆየንና ሂቦ ጉንጯን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«መዓሊን፣ ካረገዝኩ ወዲህ ስቦርሽ ድዴ ይደማል። በጣም ያመኛል። ለጊዜው ብተወው ይሻላል?»

«አትተዪው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። እርግዝና ድድን እንደሚያስቆጣ፣ የሚደማውን ቦታ መሸሽ እንደሌለባት፣ ለስላሳውን ብሩሽ እንዴት እንደምትይዝ፣ ክሩን እንዴት እንደምታወርድ፣ ሐኪም እንድታይ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ያን የዘለልኩትን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተማርኳት። ጥፋቴን የምክስ መስሎኝ ነበር። ማን እንደሚሰማኝ ረሳሁ።

ስጨርስ ኤዶ ኸድራ ሻርፑን ከአፋቸው ላይ አወረዱት። ከሰርጉ ቀን ወዲህ አፋቸውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አንድም ጥርስ አልቀረበትም።

«መዓሊን» አሉኝ፣ «ይሄን ያኔ አታውቅም ነበር?»

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አውቅ ነበር፣ እንቅልፌን ብዬ ነው፣ ከዚያም ኩራቴን ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ። ሂቦ ታየኛለች። ሁለቱም መልሴን ይጠብቃሉ።

«አላውቅም ነበር ኤዶ» አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝ። «ልቤ ላይ አንድ ነገር ነበረች» አሉኝ። «አውቆ ነው፣ ሳያውቅ ነው እያለች ስትበላኝ ኖረች። ካላወቅክ ጥፋት የለብህም። ለዱንያም ለአኼራም ይቅር ብዬሃለሁ።» ሂቦ ዓይኗን ጠረገች። እኔም «አሜን» አልኩ። አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ኤዶ ኸድራ ዛሬም በሕይወት አሉ። የሂቦ ስልክ እጄ ላይ ነው፣ መንገዱም አስፋልት ነው። ለማላውቃችሁ ሰዎች ይህን ሁሉ ስናገር ለእሳቸው አንዲት ቃል መናገር ያቃተኝ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ የምሰጣችሁ መልስ ሁሉ ሰበብ ነው፤ ስለዚህ አልሰጥም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታውማ ተሰጥቶኛል። ግን ኤዶ ይቅር ያሉት ያላወቀውን ሰው ነው። ያ ሰው በዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር።